የንግድ ጥያቄና መልስ፦ በገዛ ቤቱ የሚነግድ ሰው ኪራይ አይከፍልምን?

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከድሬዳዋ የደረሱን ናቸው። ጠያቂዎቹ ስማቸው እንዳይወጣ ስላሳሰቡን በሥራቸውና በሰፈራቸው ብቻ እንጠቅሳቸዋለን። የሽያጭና የወጪ አሃዞቹን ግን ራሳቸው እንደ ላኩልን አስፍረናቸዋል።

ከመጋላ፣ የሙሸበክና የሐላዋ ጣፋጭ ነጋዴ

«ከአባቴ በወረስኩት ቤት የፊት ክፍል ሙሸበክና ሐላዋ እየሠራሁ እሸጣለሁ። በቀን በአማካይ የ4,500 ብር እሸጣለሁ፤ ለዱቄት፣ ለስኳር፣ ለዘይትና ለከሰል 2,700 ብር፣ ለምታግዘኝ ልጅ ደግሞ 300 ብር ይወጣል። በወር 26 ቀን ስለምሠራ 39,000 ብር ይተርፈኛል። ለመሣሪያ 90,000 ብር አውጥቻለሁ፤ 30,000 ብር የሚያወጣ ጥሬ ዕቃም ሁልጊዜ በእጄ አለ። ሰሞኑን አንድ ጫማ ነጋዴ ክፍሉን በወር 15,000 ብር አከራዪኝ አለኝ። ባለቤቴ ግን ‹39,000 ብር የሚያስገባ ቤት በ15,000 አይለቀቅም› ይላል። ከዚህ በፊት ከዚራ ያለ አንድ ኬክ ቤት በ14,000 ብር ደመወዝ ሊቀጥረኝ ጠይቆኝ ነበር። ማን ነው ልክ?»

ባለቤትዎ የፈረዱት 39,000 ከ15,000 እንደሚበልጥ አይተው ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ገንዘቦች የሚመጡበት መንገድ አንድ አይደለም። 15,000 ብሩ ክፍሉ ብቻውን የሚያመጣው ሲሆን፣ 39,000ው ግን ክፍሉ፣ መሣሪያው፣ የተቀመጠው ጥሬ ዕቃና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው ሊጥ የሚያቦኩት እርስዎ በአንድነት የምታመጡት ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት እያንዳንዳቸው ሌላ ቦታ ቢውሉ ስንት ያስገኙ ነበር የሚለው ነው። የምጣኔ ሀብት ሰዎች ይህን የአማራጭ ዋጋ ይሉታል። በደረሰኝ ስለማይመጣ በማንም ደብተር ላይ አይጻፍም፤ ይሁን እንጂ ከዱቄቱና ከዘይቱ ባልተናነሰ ወጪ ነው።

እንግዲህ አንድ በአንድ እንቀንስ። ክፍሉ ቢከራይ 15,000 ብር ያመጣል። እርስዎ ተቀጥረው ቢሠሩ 14,000 ብር ያገኛሉ። በሥራው ላይ ያዋሉት 120,000 ብር ባንክ ተቀምጦ በዓመት 7 በመቶ ቢወልድ 8,400 ብር፣ በወር ሲካፈል 700 ብር ይሆናል። መሣሪያውም ዘላለም አይኖርም፤ አምስት ዓመት ያገለግላል ብንል በየወሩ 1,500 ብር ያረጃል። ድምሩ 31,200 ብር ነው። ከ39,000 ላይ ሲነሣ የሚቀረው 7,800 ብር ብቻ ሲሆን፣ ሙሸበኩ ራሱ የሚያተርፈው ይህን ያህል ነው። የቀረው ኪራይ፣ ደመወዝና ወለድ በአንድ ኪስ ተቀላቅሎ ትርፍ መስሎ የታየ ነው።

በዚህ ስሌት ባለቤትዎ በሐሳባቸው ባይሳሳቱም በምክንያታቸው ተሳስተዋል፤ ንግዱ ዛሬም ያዋጣል፣ ነገር ግን የሚያዋጣው በጠባብ ልዩነት ነው። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ለክፍሉ 25,000 ብር ቢሰጥዎ ስሌቱ ይገለበጥና በወር 2,200 ብር ይከስራሉ፤ ምንም እንኳ በእጅዎ የሚገባው ገንዘብ አንድ ሳንቲም ባይቀንስም። እንዲህ ያለው ኪሳራ የማይሰማ ስለሆነ ነው ብዙ ሰው በወረሰው ቤት ዕድሜ ልኩን ከነገደ በኋላ ለምን እንዳልተለወጠ ሲጠይቅ የሚኖረው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው፣ «በአማካይ» ያሉት ቃል አሳስቦኛል። በረመዳን ወር የሙሸበክና የሳምቡሳ ገበያ ምን ያህል እንደሚደራ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ያ ወር አማካዩን አንሥቶት ከሆነ ሌሎቹ ወራት ከ7,800 በታች፣ ምናልባትም ከዜሮ በታች ናቸው ማለት ነውና የአሥራ ሁለቱን ወር ሽያጭ ለየብቻ ይጻፉት። ሁለተኛው፣ ደንበኛ ወደ እርስዎ የሚመጣው ለእጅዎ እንጂ ለበሩ ካልሆነ፣ የፊቱን ክፍል ለጫማ ነጋዴው አከራይተው ጓሮ በኩል መሥራት የሚቻል ይመስለኛል። ጫማ በመንገደኛ ዓይን የሚሸጥ ዕቃ ስለሆነ የፊት በር ያስፈልገዋል፤ የእርስዎን ቤት ግን ሽታው ይጠራለታል። ይህን ከመወሰንዎ በፊት ከገዢዎችዎ ስንቱ የዘወትር ደንበኛ፣ ስንቱ አላፊ አግዳሚ እንደሆነ አንድ ሳምንት በምልክት ቆጥረው ይለዩ።

ከታይዋን ሰፈር፣ የኤሌክትሮኒክስ ቸርቻሪ

«በ18,000 ብር የገዛኋቸውን አሥር ቴሌቪዥኖች በ22,000 ሸጬ 40,000 ብር አተረፍኩ። ትርፉን ለቤት አስቤዛና ለልጆች ትምህርት ቤት አወጣሁት። ዕቃ ለማምጣት ስሄድ ግን ጅምላ ሻጩ አንዱን 27,000 አለኝ። ይህ የሆነው የውጭ ምንዛሬው በተለቀቀበት ሰሞን ነው። አትራፊ ነኝ ወይስ ከሳሪ? ደንበኞች ደግሞ በድሮ ዋጋ የገባውን በአዲስ ዋጋ ትሸጣለህ ብለው ይወቅሱኛል።»

በደብተር አትራፊ ነዎት፣ በመደርደሪያ ግን ከሳሪ። ከሽያጩ የሰበሰቡት 220,000 ብር ሳይነካ ቢቆይ ኖሮ በአዲሱ ዋጋ ስምንት ቴሌቪዥን ይገዛ ነበር። 40,000ው ለቤት ወጪ ስለዋለ ግን የቀረው 180,000 ብር የሚገዛው ስድስት ብቻ ነው። አሥር የነበረው ስድስት ሲሆን ንግዱ አድጓል አይባልም። የሂሳብ መዝገብ ወጪን የሚመዘግበው ዕቃው በተገዛበት ዋጋ ስለሆነ፣ ገንዘብ ዋጋው በሚወርድበት ጊዜ ካፒታል የነበረውን ትርፍ አስመስሎ ያሳያል። ግብርም የሚሰላው በዚያው መዝገብ መሠረት ነው።

ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይሁን እንጂ ዕቃ ሁሉ በዚያው ልክ እጥፍ አልሆነም፤ ምክንያቱም ብዙ አስመጪ አስቀድሞም ዶላር ያገኝ የነበረው በጥቁር ገበያ ስለነበር ከፍ ያለው ተመን ከለውጡ በፊት በዋጋው ውስጥ ገብቶ ነበር። በባንክ ተመን ይገቡ የነበሩ ዕቃዎች በአንጻሩ ክፉኛ ዘለሉ። የእርስዎ ጅምላ ሻጭ ዕቃውን በየትኛው መንገድ ያስመጣ እንደነበር ማወቅ የሚቀጥለውን ዋጋ ለመገመት ይረዳዎታል።

ስለ ወቀሳው ስናወራ፣ ዋጋ የሚተመነው ዕቃው በተገዛበት ሳይሆን በሚተካበት ዋጋ ነው የሚለው መርሕ ትክክል ነው። ነገር ግን ይህን መርሕ የሚጠቅስ ነጋዴ በሁለቱም በኩል ሊቀበለው ይገባል። ነገ ጅምላው ወደ 23,000 ቢወርድና እርስዎ በ27,000 የገዙት በእጅዎ ቢኖር፣ «በውድ ነው የገዛሁት» የሚለው ምክንያት ከመርሑ ጋር አይሄድም፤ ያ ገንዘብ ወጥቶ አልቋል፣ ገበያው ደግሞ የእርስዎን ደረሰኝ አያነብም። ዋጋ ሲወጣ የመተኪያ ዋጋን፣ ሲወርድ የመግዣ ዋጋን የሚጠቅስ ነጋዴ አይቻለሁ፤ ደንበኛ የሚቀየመውም በጭማሪው ብቻ ሳይሆን በዚህ ነው። ከዚህም ሌላ፣ አዲስ ዋጋ መለጠፍና ዕቃን ደብቆ የለም ማለት በሕግ ፊት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ሕጉ ዋጋ እንዲለጠፍ የሚያስገድድ ሲሆን ዕቃ መደበቅን ይከለክላል።

በተግባር የምመክረው፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭ በመጀመሪያ የመተኪያውን ዋጋ ለብቻው በሌላ የባንክ ሂሳብ እንዲያስቀምጡና ለቤት የሚያወጡት ከዚያ የተረፈውን ብቻ እንዲሆን ነው። በ22,000 ሸጠው የመተኪያው ዋጋ 27,000 ከሆነ የተረፈ የለም። ያን ወር ቤተሰቡ የበላው ከቴሌቪዥኑ ነው።

ከሳቢያን፣ የብረታ ብረት ሠራተኛ

«1,200,000 ብር የሚያወጣ የተማሪ ዴስክ ሥራ አሸንፌአለሁ። ለብረትና ለጣውላ 800,000፣ ለሠራተኛ 160,000 ብር ያስፈልጋል፤ 240,000 ብር አተርፋለሁ። ችግሩ ሥራው 45 ቀን ይወስዳል፣ ክፍያው ደግሞ ካስረከብኩ በ90 ቀን ነው። በእጄ ያለው 400,000 ብር ነው። ወንድሜ ሸሪክ አስገባ ይላል፣ እኔ ዕቁብ አስቤአለሁ፣ ባንክ ደግሞ በዋስትና የሚያዝ ቤት ይጠይቃል። ምን ይሻለኛል?»

የሚያዋጣ ሥራ ይዞ በጥሬ ገንዘብ እጥረት መሰበር አዲስ ነገር አይደለም፤ ከተማችን ራሷ ከዚያ ታሪክ ጋር የተያያዘች ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለሚከብደው በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ደረሰና ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላም ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን የሐዲዱ ኩባንያ ገንዘብ አለቀበት። የኃያላን መንግሥታት ሽኩቻም ተጨምሮበት ኩባንያው ከስሮ በሌላ ተተካ፣ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ አሥራ አራት ዓመት አለ። መስመሩ መጨረሻው ላይ እስኪደርስ የሚያስገባው ገቢ ጥቂት፣ የሚጠይቀው ወጪ ግን ብዙ ነበር። ባቡሩ እዚህ የቆመባቸው እነዚያ ዓመታት ለድሬዳዋ ነጋዴ ሲሳይ ሆኑለት፤ ለኩባንያው ባለአክሲዮኖች ግን አልሆኑላቸውም።

ወደ እርስዎ ስንመለስ፣ ብረቱን ከሚገዙበት ቀን እስከ ክፍያው 135 ቀን አለ፤ የጎደለዎትም 560,000 ብር ነው። መጀመሪያ መሞከር ያለበት ዋጋ የማይጠይቀው መንገድ ነው። ከአሠሪው ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ፣ ዴስኩን በሁለት ዙር አስረክቦ በሁለት ዙር መቀበል፣ ከብረት ሻጩ ጋር የ30 ቀን ዱቤ መነጋገር። ብዙ ባለሙያ ውል ከፈረመ በኋላ እንጂ ከመፈረሙ በፊት ስለ ክፍያ ቀን አይከራከርም። በዋጋ ላይ 10,000 ብር ለማስጨመር ቀን ሙሉ የሚሟገት ሰው 90 ቀኑን በዝምታ ይቀበላል፤ የ90 ቀኑ ዱቤ ግን እርስዎ ለአሠሪው የሰጡት ብድር ነው።

ይህ ሁሉ ባይሳካና ሙሉውን 560,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ ለ135 ቀን ቢበደሩ ወለዱ 37,000 ብር ገደማ ይሆናል። ከ240,000 ላይ ሲነሣ 203,000 ብር ይቀራልና ብድሩ ሥራውን አያከስረውም። ባንክ በዋስትና የሚይዘው ቤት ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብም በሕግ ደረጃ ተለውጧል። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ማሽን፣ የተከማቸ ዕቃና ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሂሳብ ጭምር በዋስትና ሊመዘገቡ ይችላሉ። ባንኮች ሁሉ በእኩል ደረጃ ይሠሩበታል ማለት ባይሆንም፣ ውሉንና የማሽንዎን ሰነድ ይዘው ከአንድ በላይ ባንክ ሄደው ይጠይቁ።

ዕቁቡን በሚመለከት፣ ዕጣው በሚፈልጉበት ሳምንት ይወጣልዎታል ብለው ውል አይፈርሙ። ዕጣ መግዛት ይቻላል፣ ነገር ግን ወለድ የለበትም ተብሎ መታለፍ የለበትም። ለምሳሌ 600,000 ብር የሚወጣበትን ዕጣ ከደረሰው ሰው ላይ 30,000 ብር ከፍለው ቢወስዱና የእርስዎ ተራ የሚደርሰው ከአራት ወር በኋላ ቢሆን፣ ዛሬ በእጅዎ የሚገባው 570,000 ነው፤ ለአራት ወር የከፈሉት 30,000 ብር ሲሰላ በዓመት ወደ 16 በመቶ ይጠጋል። ከባንኩ ትንሽ ይረክሳል፣ ዋስትናውም ሰው ነው፤ ሆኖም በነጻ የተገኘ ገንዘብ አይደለም።

ሸሪክ ማስገባቱን ግን አልደግፈውም። የእርስዎ ችግር የ135 ቀን ችግር ሲሆን ሸሪክ የዕድሜ ልክ መፍትሔ ነው። ንግዱ ሲያድግ የሚከፍሉት ድርሻም አብሮ ያድጋል፤ ብድር ግን ሲከፈል ያልቃል። አዲስ ማሽን ለመትከልና በቋሚነት ለማስፋፋት ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፤ ያኔ የሚመለስበት ቀን የማይታወቅ ገንዘብ ስለሚያስፈልግ ኪሳራውንም አብሮ የሚሸከም ባለድርሻ ይሻላል። ንግድዎን ከቤትዎ ንብረት ለመለየት ብቻ ከሆነ ሰው የሚፈልጉት፣ በ2013ቱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውንም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል።

ከገንደ ቆሬ፣ መምህር

«የባንክ አክሲዮን ልግዛ ወይስ ገንዘቤን በቁጠባ ላኑር?»

በአጭሩ፣ የዋጋ ንረቱ ከቁጠባው ወለድ በላይ እስከሆነ ድረስ በቁጠባ ያለው ገንዘብ በቁጥር እየጨመረ በአቅም ይቀንሳል። አክሲዮን በፊናው የትርፍ ድርሻ ይከፍል ይሆናል እንጂ ሊከፍል ቃል አልገባም። ትልቁ ሥጋት ደግሞ ልሽጥ ሲሉ ገዢ ማጣት ነበር። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯልና ይህ በጊዜ ሂደት ሊቀል ይችላል፤ የሚገዙት አክሲዮን በዚያ ገበያ የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። በሚቀጥለው ዓመት ለሚከፈል የትምህርት ቤት ክፍያ የታሰበ ገንዘብ ግን አክሲዮን ላይ አይውልም።

ከአዲስ ከተማ፣ የባጃጅ ባለቤት

«ሦስት ባጃጅ አሉኝ። ድሮ ሹፌሮቹ በቀን 700 ብር ገቢ ያስገቡልኝ ነበር፤ አሁን ከ500 በላይ አንችልም ይላሉ። ለሁለቱ በወር 4,000 ብር፣ ለአሮጌው 8,000 ብር ለጥገና አወጣለሁ። እያንዳንዱን በ420,000 ገዝቼ አሁን ለሁለቱ 300,000፣ ለአሮጌው 180,000 ብር ነው የሚሰጡኝ። ከስሬ አልሸጥም ብዬ ተቀምጫለሁ።»

ገቢው የቀነሰበት ምክንያት ከሹፌሮቹ ስንፍና ጋር ምናልባት አይገናኝም። ባጃጅ የሚያዋጣ መሆኑን ያየ ሁሉ ሊገባበት የሚችል ሥራ ነው፤ አንድ ባጃጅና መንጃ ፈቃድ ያለው ሹፌር ይበቃል። እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ ከሌላው የበለጠ ትርፍ ዕድሜው አጭር ነው፤ ትርፉ ራሱ ተፎካካሪ ይጠራል፣ ተፎካካሪውም ተሳፋሪውን ይካፈላል፣ መጨረሻ ላይ ባጃጁ የሚያስገኘው ገንዘቡ ሌላ ቦታ ከሚያስገኘው ብዙም የማይበልጥ ይሆናል። ከዚራ ጥላ ሥር ተሰልፈው ተሳፋሪ የሚጠብቁትን ቆጥሮ ማየት ይበቃል።

የሚሸጡበትን ውሳኔ ግን በ420,000 ብሩ ላይ አይመሥርቱ። ያ ገንዘብ ቢሸጡም ባይሸጡም አይመለስም። ጥያቄው ዛሬ ሊያገኙ የሚችሉትን 300,000 ባጃጅ ላይ ማቆየት ያዋጣል ወይ የሚለው ነው። በ26 ቀን 13,000 ብር ይገባል፤ ጥገና 4,000፣ ለኢንሹራንስና ለዓመታዊ ክፍያ በወር 1,000፣ ለእርጅና 3,000 ብናነሣ 5,000 ይቀራል። በዓመት 60,000 ብር ማለት ከ300,000 ላይ 20 በመቶ ነው፤ ሁለቱን ያቆዩአቸው። አሮጌው ግን ከዚሁ ገቢ 8,000 ለጥገና ሲሄድበት በወር 1,000 ብር ብቻ ያስቀራል። በዓመት 12,000 ብር ከ180,000 ላይ 7 በመቶ አይሞላም። ይሽጡት።

ሌላው ነገር ውሉ ነው። ቁርጥ ገቢ የሚከፍል ሹፌር ከቁርጡ በላይ ያለው ሁሉ የራሱ ስለሆነ በትጋት ይሠራል፤ ነገር ግን ሞተሩ የእርስዎ ስለሆነ ለሞተሩ አይሳሳም፣ ገበያ በሌለበት ቀንም ጉዳቱ በእሱ ብቻ ላይ ይወድቃል። በድርሻ ቢካፈሉ ደግሞ ጉዳቱን አብረው ይሸከማሉ፤ በዚያው ልክ የቀኑ ገቢ ስንት እንደነበር የሚያውቀው እሱ ብቻ ይሆናል። መሬትን በቁርጥ ክፍያ በማረስና ምርቱን በእኩል በመካፈል መካከል የነበረው የድሮው የባለመሬትና የአራሽ ክርክር ይኸው ነው። እኔ ብሆን ቁርጡን በ500 አጽንቼ፣ ከጥገና ወጪው ሲሶውን ሹፌሩ እንዲሸፍን፣ በምትኩም ባጃጁ ጋራዥ በሚውልበት ቀን ገቢ እንዳይጠየቅ በጽሑፍ እዋዋል ነበር።